በር የከፈቱልን ጨዋ ሰው

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ጫማዎን ይተዉት፣ ወለሉን ገና ልወለውለው ነው። … አንተም ግባ እንጂ፣ ምን እንደ እንግዳ በር ላይ ያስቆምሃል? የወንድምህ ቤት አይደል? ውይ የዘንድሮ ዝናብ! ጠዋት ልብስ ያሰጣናል፣ ቀትር ላይ እያሯሯጠ ያስለቅመናል። መንገዱስ እንዴት ነበር? … ለካ በሱ መኪና ነው የመጣችሁ። ምን ችግር አለ ታዲያ፤ በመኪና ለሚሄድ ሰው መንገዱ ሁሉ የራሱ ነው።

እዚህ መስኮቱ አጠገብ ይሁኑልኝ እትዬ፣ ብርዱ ጀርባዎን አያገኘውም። ሻዩ ፈልቷል። የእርስዎ ስኳር የለውም፣ ሐኪም እንደከለከለዎት አልረሳሁም። የሱ ሦስት ማንኪያ ነው። ጣፋጭ ይወዳል። አፉም ጣፋጭ ነው፣ ምን ያድርግ።

ይሄ ምንድን ነው ደግሞ? … ከዘራ! ለወንድምህ? ኧረ እንዴት ያምራል! እጀታው ተጠርቦ፣ ጫፉ ጎማ ገብቶለት። ይዩትማ እትዬ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ነበር የማውቀው፤ የኛ ዛፍ ግን ታድሎ ከዘራ መጣለት። እዚያ ጥግ አቁመው፣ ሲመጣ ያየዋል።

እሱማ የለም፣ ወጥቷል። … በምን ይወጣል እትዬ? በብስክሌቱ ነዋ!

አይደንግጡ። ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ትንሹ ወንድምዎ ትናንት በስልክ ነግሮኛል። «እትዬን ይዤ እመጣለሁ፣ እሷን ይሰማል፤ ሰውየው ሳይሞትብን ያቺን ብስክሌት ከእጁ እናውጣ» አለኝ። ለሰው ማሰብ ማለት እንዲህ ነው። እኔ አንድ ጣራ ሥር እያደርኩ ያላሰብኩትን፣ እሱ ከተማ አቋርጦ ያስባል።

እስኪመጣ ድረስ ታዲያ ላጫውትዎ። እርስዎ ሩቅ ነዎት፣ ነገሩን የሰሙት በስልክ ከጫፍ ከጫፉ ነው። እሱም ቁጭ ብሎ ይስማ፤ የተሳሳትኩት ካለ… ያርመኛል።

ወንድምዎን ያውቁታል፤ ሥራውን ግን በደንብ የሚያውቁት አይመስለኝም። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። አርባ አንዱን ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግን፣ ከቤት ቤት ሲዞር የኖረው በብስክሌት ነው። ከኋላዋ ያቺ የቆዳ ቦርሳ፣ ውስጧ ካቻቢቴ፣ መርፌ፣ የዘይት ጠርሙስ። መንገድ ላይ ሲያልፍ በሰው መስኮት የስፌት መኪና ድምፅ ከሰማ ይቆማል። «እመቤት፣ መኪናሽ ክር ሊበጥስብሽ ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠራው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ልብስ መስፊያ ውስጥ ሠላሳ መኪና አለ፤ ሠላሳዎቹንም እንደ ልጅ በየጠባያቸው ያውቃቸዋል። … ሞኝ ነው እንግዲህ። ብልህ ሰው በዚህ ዕድሜው ሌላውን እያስነዳ አጠገቡ ይቀመጣል።

የወደቀ ለታ ማክሰኞ ነበር፣ ረፋድ ላይ። ጭቃ የለ፣ ዝናብ የለ። ቦታው ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፣ ያቺ ሰማያዊ በር ያላት። እርስዎ የሰሙት «አዙሮት ወደቀ» የሚለውን ነው አይደል? እኔም መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። ራሱን ስጠይቀው «ወደቅኩ» አለኝ። በቃ። አንዲት ቃል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚህ ቤት ዝምታ ግን ስድስት ወር ሙሉ ሲነቅዝ እኔ ነኝ የለቀምኩት።

የደወለልኝ ማን መሰልዎት? እሱ ነዋ፣ ይሄው እዚህ የተቀመጠው! እንዴት ያለ ፍጥነት ነው እናንተ! ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሳያስቀምጥ፣ የሰፈሩ ሰው ምን ሆነ ብሎ ሳይወጣ፣ ይሄ ልጅ አጠገቡ ነበር። በገዛ መኪናው ጭኖ ሆስፒታል ያደረሰውም እሱ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምለው ነው፤ አንዳንድ ሰው አደጋ ባለበት አይጠፋም።

ለሐኪሙም ያስረዳው እሱ ነው። ወንድምዎ ዳሌው ተሰብሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ መናገር አቅቶት፤ የሥጋ ዘመድ ካልተናገረለት ማን ሊናገርለት ነው? «ሽማግሌ ነው፣ ራሱን ይስታል፣ ከዚህ በፊትም ደጋግሞታል» ተብሎ ተጻፈ። … ደጋግሞታል! አርባ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ራሱን ሲስት አላየሁም። ግን እኔ ምን አውቃለሁ? ሚስት ነኝ እንጂ የእናቱ ልጅ አይደለሁም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የኔው ሞኝ ብስክሌቱን አልለቅም አለ፤ ወረቀቱ ደግሞ የተጻፈበትን። ዳሌው ውስጥ ብረት ከገባለት በኋላ እንኳ ሐኪሞቹ ወረቀቱን እያዩ ጭንቅላቱን ራጅ አስነሡ፣ ልቡን መረመሩ፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው ሌት ተቀን አዋሉት። ምንም የለም። ደግመው አዩ። ምንም የለም። የሌለ በሽታ ሲፈለግ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ያ ሁሉ ግን ለሱ ጤና ነው፤ ማን ነው ያለ ሰበብ እንደዚህ የሚመረመር?

አንተ ብስኩት አልወሰድክም። ውሰድ እንጂ። ስለ አንተ አይደለም እኮ የምናወራው።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጉር አስተካካዩ ቤቴ መጣ። የግራ እግር ጫማውን ይዞ። መንገዱ ዳር ከቦዩ ውስጥ አግኝቶት፣ አጥቦት፣ ማሰሪያውን ሳይቀር ቀይሮለት። እንጃ፣ ሰው ባዳ ሲሆን እንዲህ ትንሽ ትንሽ ነገር ያስባል። ቁጭ አለና «እመቤቴ፣ ጋሼ እንዴት ሆኑ?» አለኝ። «አዙሮት ወድቆ ይኸው ተኝቷል» አልኩት። ሰውየው እኔን አየኝ፣ ጫማውን አየ፣ እኔን አየኝ። «ማን ነው አዞራቸው ያለው?» አለኝ።

እንግዲህ እሱ ያየውን ነው የምነግርዎ። እኔ አልነበርኩም፣ ኃጢአት ውስጥ አልገባም።

አንድ ግራጫ መኪና ከሱቁ ፊት ቆማለች። ውስጧ አንድ ጨዋ ሰው ተቀምጠዋል። ስልክ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ወንድምዎ በዳሩ በቀስታ ይመጣል። እንደ ደረሰ እኚያ ሰው በሩን ወለል! … ቸርነታቸው! ስንቱ በር በሚዘጋበት ዘመን በር የሚከፍት ሰው መገኘቱ። ወንድምዎ በበሩ ላይ አልፎ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ብስክሌቷ አንድ ወገን፣ ጫማው አንድ ወገን።

ያኔ እኚያ ሰው ወረዱ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በሩን አዩ። የበሩን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እያሹ ከላይ እስከ ታች ወረዱ፤ ቀለሙ ተልጦ እንደሆነ። ጎንበስ ብለው በብርሃኑ አዩት። ፀጉር አስተካካዩ «እመቤቴ፣ መላጨት ጀምሬ የተውኩት ሰው ነበረኝ፣ ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን» ነው ያለኝ። እኔ ግን አልፈረድኩባቸውም። ንብረቱን የማይወድ ሰው ሰውን እንዴት ይወዳል? … ከዚያ ወደ መሬት ዞር ቢሉ የወደቀውን ሰው ፊት አዩ። መጮህ የጀመሩት ያኔ ነው አለ። ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ በሩ ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እንባው መጣ።

ማን ናቸው? እኔ ምን አውቄ እትዬ። መኪናይቱ ጣራዋ ላይ ምልክት ነበራት አለ። ምን ዓይነት ምልክት ብዬ አልጠየቅኩም። በዚህ ከተማ ጣራዋ ላይ ምልክት ያላት መኪና አንድ ብቻ ናት እንዴ? … ታክሲም አለ።

እኔን ያሳዘነኝ እኚያ ሰውዬ የሚያስተምራቸው አለማግኘታቸው ነው። በር ከመክፈት በፊት መስታወት ማየት ምን ይከብዳል? እነሆ፣ ይሄ ልጅ የመንጃ ትምህርት ቤት ይዞ ስንቱን ያስተምራል። የክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀይ ተጽፎ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ «በር ከመክፈትህ በፊት መስታወትህን እይ!» ምነው እኚያ ሰውዬ አንድ ቀን እዚያ ክፍል ገብተው በነበር እላለሁ። ብታገኛቸው እባክህ አስተምራቸው። እኔ እንደሆንኩ መስታወት ማየት የሚፈሩ ሰው ይመስሉኛል።

ማታ ጫማውን አልጋው ሥር አደረግሁለትና «ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ነበር» አልኩት ወንድምዎን። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «መንጃ ፈቃዱን ይነጥቁታል። ልጆች አሉት። ተይው» አለኝ። «የማንን ፈቃድ?» አልኩት። የተኛ መስሎ ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ሳበ። ለማያውቁት ሰው እንዲህ የሚጨነቅ ባል ነው ያለኝ።

ኧረ ሻዩን ይጠጡ እትዬ፣ እጅዎ ላይ ቀዘቀዘ።

ከዚያማ አራት ወር በክራንች። እግሩን የምታሠራው ባለሙያ አለች፣ ቀጭን ልጅ፣ እጇ ግን እንደ ጉጠት። «ይህን ሰው ብስክሌት የከለከለ ማን ነው? መገጣጠሚያው የሚፈታው በሱ ነው፤ ጭንቅላቱም ልቡም ደህና ነው» አለች። እኔ አላመንኳትም፤ እውነቱን ልንገርዎ። ፈራሁ። አንድ ጠዋት ሁለቱንም ጎማ አስተነፈስኩ… አዎ፣ ሁለቱም ላይ መርፌ ሰካሁባቸው። ለእርስዎ ምን እደብቃለሁ። ወጣ፣ አየ፣ እኔንም አየኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ለጠፋቸው፣ ነፋቸው። እኔ በጓዳ መስኮት አያለሁ። ያን ጊዜ ነው እጄን የሰጠሁት። ክፋት ለካ ልምድ ይፈልጋል፤ ለኔ አልሆነልኝም።

አወጣጡን ቢያዩ በሳቅ ይሞታሉ! እግሩ በላይዋ አይዞርማ። ስለዚህ ብስክሌቷን መሬት ላይ ያጋድማታል፣ አንድ እግሩን አሻግሮ መሐሏ ይቆማል፣ ከዚያ እንደተኛ በሬ በመሪዋ ይዞ ያስነሣታል። የመጀመሪያው ቀን ግቢውን ሁለቴ ዞረና ከተሰጣው አንሶላ ጋር ተጠቅልሎ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ ከአንሶላው ውስጥ ሆኖ ይስቃል። እኔም አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቅኩ። ከማግሥቱ ጀምሮ መቀመጫዋን ከኋላ ይዤ እሮጥ ጀመር። በነጠላ ጫማ፣ በስድሳ ዓመቴ! ጎረቤት በአጥር ላይ እያየ። «ሽማግሌና አሮጊት አበዱ» ይበሉ፣ ምን ገዶኝ። በሦስተኛው ሳምንት «ያዝሽኝ ወይ?» ሲለኝ እኔ የቆምኩት በሩ ጋ፣ እሱ ያለው መታጠፊያው ጋ ነበር።

ስድስት ወር ሲሞላው ቦርሳውን ከኋላ አስሮ ወደ ልብስ መስፊያው ሄደ። ሸሚዙን እኔ ተኩሼለት። ፂሙን ተላጭቶ፣ ያቺን ጫማ አድርጎ። ወይ የዚያን ቀን ደስታው!

ቀትር ላይ በመስኮት ሳይ ብስክሌቷን እየገፋ ይመጣል። በእግሩ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ በብረት ዳሌው። ጎማ የፈነዳበት መስሎኝ ወጣሁ። ጎማው ደህና ነው። ኃላፊዋ ሴትዮ በር ላይ አስቁማው «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራስዎን ይስታሉ ተብለናል። ማሽን ላይ ቢወድቁብኝ ምን እላለሁ?» አለችው። «ማን አለ?» «አንድ ዘመድዎ ናቸው፣ መጥተው ነግረውናል። ለእርስዎ አስበው ነው፣ አይቀየሟቸው» አለችው።

አየህ ዘመድ! አየህ አሳቢ! ራሱ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ያልጠየቁትን! … እትዬ፣ እኔ ያን ቀን አንድ ነገር ተማርኩ። ውሸት እንደ ብስክሌት ናት። ብቻዋን አትቆምም፤ ካላሽከረከሯት ትወድቃለች። ስለዚህ አንዳንዱ ምስኪን ሆስፒታል ይዟት ይሄዳል፣ ልብስ መስፊያ ይዟት ይሄዳል፣ እህት ቤት ይዟት ይሄዳል… ሲደክመውም መውረድ አይችልም። የሚያሳዝነው እሱ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ በኛ ቤት ደግሞ በር በከፈተ ብስክሌት ተወገዘች።

ወንድምዎ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሰንሰለቷን መጥረግ ጀመረ። ጨርቁ ጠቁሮ እስኪያልቅ ጠረገ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። «የፈተናውን ቀን ረስቶት ይሆን?» አለኝ።

የትኛው ፈተና እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ እትዬ፣ ያኔ እናታችሁ ቤት ነበሩ። አንድ ተማሪ ነበር። የመጨረሻ ፈተናው ቀን አውቶቡስ ቆመ፣ ዝናቡ ደግሞ ያ ዝናብ። ወንድምዎ ያን የሚያህል ጎረምሳ ከኋላ አስቀምጦ፣ የራሱን ካፖርት አልብሶ፣ ዳገቱን ሁሉ ቆሞ እየረገጠ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ አደረሰው። ተማሪው ሲደርስ ወረቀቱ እንኳ አልረጠበም ነበር። እሱ ግን ሁለት ሳምንት በሳንባ ምች ተኛ። ተጋብተን ዓመት አልሞላንም፣ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። … ተማሪው? ኧረ ደህና ነው! ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ክብር ይግባውና። አሁን ብስክሌት አደገኛ ነገር እንደሆነ ያውቃል። ያኔ አያውቅም ነበር።

ምነው እትዬ? ዓይንዎን ምን ነካው? ጭስ የለ።

መጨረሻውን ልንገርዎ፣ ደስ ይላል። ባሌ ዝም አለ እንጂ እኔ አፌን አልሸጥኩም፣ ለፀጉር አስተካካዩ ነገርኩት። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ፣ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሄደና ለኃላፊዋ ያየውን ነገራት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ፤ በኛ ሰፈር ግን የሚያጠራው ፀጉር አስተካካይ ነው። ባለሙያዋም የምርመራውን ውጤት ጻፈችለት። ኃላፊዋ ራሷ እዚህ ድረስ መጣች፣ እዚያ እርስዎ የተቀመጡበት ተቀምጣ «አባባ፣ ሠላሳው መኪና ታሟል፣ ይምጡልን» አለችው። ይኸው ዛሬ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ሰፊዎቹ ሴቶች ሲደርስ ብስክሌቷን ተቀብለው ያስገቡለታል አሉ። ትቀና ይሆናል ብለው እንዳያስቡ፣ እኔ አልቀናም።

ስለዚህ ብስክሌቷን እንውሰድ ካላችሁ ያው ግቢ ሲገባ ራሱን ጠይቁት። እኔ ግን መቀመጫዋን ይዤ የሮጥኩ ሰው ነኝ፤ ለቀቅኩ እንጂ አልጣልኩም።

እ… አንድ ነገር ረስቼ። ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን የመኪናዋን ታርጋ የቀጠሮ ደብተሩ ላይ ጽፎታል። ገጹን ቀዶ ሰጥቶኛል። እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው። … አይ፣ ለማንም አላሳይም! ባሌ ከልክሎኛል፤ እሱ በሕይወት እያለ ቃሉን አላጥፍም። እኚያ ጨዋ ሰው ታዲያ ማታ ማታ ለማን ዕድሜና ጤና መለመን እንዳለባቸው ቢያውቁ ጥሩ ነበር። አያውቁም፣ ምን ይደረግ።

ተነሣህ እንዴ? ገና ነው እኮ፣ ወንድምህ አሁን ይደርሳል። … ትምህርት አለብኝ? እሱስ እውነት ነው፣ የሚጠብቁህ ተማሪዎች አሉ። እትዬስ? … በአውቶቡስ እሄዳለሁ አሉ? አብረውት አይሄዱም? ይሁን፣ እኔ እሸኝዎታለሁ፤ እንዲያውም ያድራሉ፣ አልጋ አለ።

ና ወዲህ የኔ ጌታ፣ ከዚህ ቤት ሳትመረቅ አትወጣም። ዕድሜ ይስጥህ። የወንድምህን ዕድሜ ተሻግረህ ሰማንያን ድፈን። ልጆችህ በመልክም በጠባይም አንተኑ ይምሰሉ። አርጅተህ፣ ጉልበትህ ደክሞ፣ መንገድ ላይ የወደቅክ ለታ ደግሞ… እግዜር ባዳ አያምጣብህ። ልክ እንዳንተ ያለ ወንድም ቀድሞ ይድረስልህ።

አሜን በል እንጂ።